የታጠበችው ቆዳ

ባሌ ሐሚድ ሹፌር ከመሆኑ በፊት ግመል ነጂ ነበር። ጣልያን መተማ በገባ በሦስተኛው ዓመት ነጋዴው ሐጂ ኸሊል ከሱዳን አሮጌ ሎሪ ሲያመጡ መንዳት አስተምረው መሪውን ለእሱ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሎሪዋ ጣውንት ሆነችብኝ። ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ስለምወደው እሰማዋለሁ፤ ዝም ብዬ ግን አይደለም።

አንድ ዓርብ ካርቡራቶሯን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ዕቃ፣ ፈታትቶ ሰሌኔ ላይ ዘረጋና መስጊድ ሄደ። ሰሌኔን ዘይት በዘይት አደረገልኝ! ተናድጄ ያገኘሁትን ሁሉ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከመካከሉ የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች። እራፊ ጨርቅ መስላኝ እሷን አብዝቼ ፈተግኋት። ሐሚድ ተመልሶ ሲያይ «አበጀሽ» ብሎ መረቀኝና ገጣጠመው።

በማግስቱ ሎሪዋ ሰሊጥ ጭና ከጓንግ ወንዝ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ሳል ይዟት ቆመች። በሦስተኛው ቀንም ደገመችው። ሐጂ ኸሊል ጫኞቹ ሲገፉ ቆመው አዩና «አንድ ጊዜ ብትደግም ኸላስ፣ ሌላ ሹፌር አመጣለሁ» አሉ። መተማ ላይ ሹፌር የሚፈልግ ሌላ ነጋዴ አልነበረም። ከተባረረ ሐሚድ ሥራ ፍለጋ ሱዳን፣ ገዳሪፍ መሻገሩ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ድንበሩን የተሻገረ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ማታ እራት አልበላም አለ።

«ምን ሆነች ታዲያ?» አልሁት።

«ነዳጅ መስጫዋን ቀስ ብዬ ስረግጥ ደኅና ናት። ድንገት ስረግጥ ነው የምትታነቀው። አየር ቀላል ነው፣ በሩ ሲከፈትለት ሮጦ ይገባል። ቤንዚን ከባድ ነው፣ ወደ ኋላ ይቀራል። መክናዋ፣ ሞተሯ፣ ባዶ አየር ውጣ ትጠፋለች። ያን ጊዜ ቤንዚን የምትጨምርላት ትንሽ ፓምፕ አለች፤ እግሬ ሲወርድ አብራ ትወርድና ትረጫለች። ዛሬ ከፍቼ አየኋት፣ ትወርዳለች። ቤንዚኑን የምትገፋው ቆዳም አለች። እንደ ወርቅ ንጹሕ ናት።»

ንጹሕ ሲል ያቺ የፈተግኋት ጥቁር ነገር ትዝ አለችኝ። ኮርቻ ሰፊ አባት ያሳደገኝ ልጅ፣ ቆዳ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ! ደርቃ ተጨማድዳለች፤ ቤንዚኑ በጎን በጎኗ ያመልጣል እንጂ የት ይረጫል?

«ሐሚድ፣ እኔ ነኝ» አልሁና ሁሉንም ነገርሁት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሄዶ ቆዳዋን አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ነከርኋት፤ በጣቶቼ እያሸሁ ጠርዟን ዘረጋሁ። ሲነጋ እንደ ጆሮ ለስልሳ ነበር።

ጠዋት ገጥሟት ጓንግ ወረድን፤ እኔም ተከትዬ። ሐጂ ኸሊል ከጫኞቹ ጋር ቀድመው ደርሰዋል።

«ምኗ ነበር የተበላሸው?» አሉ።

«ቆዳዋ ደርቃ ነው። ሳላውቅ በሳሙና አጥቤያት» አለ ሐሚድ።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «ይኼን ሁሉ ያስተማርሁህ ለዚህ ነው?»

ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልሁም። «ውሸቱን ነው ሐጂ! ያጠብኋት እኔ ነኝ። የሚያባርሩ ከሆነ እኔን ያባርሩኝ!»

«አንቺን መች ቀጠርሁሽና ነው የማባርርሽ?» አሉና በከዘራቸው ዳገቱን አሳዩት። «ውጣ እስቲ።»

ሐሚድ ወጥቶ መሪውን ያዘ። ሎሪዋ ውኃውን ቀስ ብላ ተሻገረች፤ ዳገቱ ሥር ስትደርስ በኃይል ረገጣት። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስትስል እጠብቃለሁ፤ አጓራች እንጂ አልሳለችም። ዓይኔን ስገልጥ ጫፍ ላይ ናት።

ሐሚድ መክናዋን ሳያጠፋ ቁልቁል እየሮጠ መጣ። «ሰማሻት?» አለኝ።

«ለምን ዋሸህልኝ?» አልሁት።

«ሰው ሲቆጣሽ ማየት አልችልም።»

ገዳሪፍ እንደማይሄድብኝ ያን ጊዜ ነው ያመንሁት። በሐጂም በጫኞቹም ፊት፣ ሳላፍር፣ እጁን ያዝሁት።