ጫፉ የተሰበረው ዘንግ

እኔ ሰው የማደንቅ ሰው አይደለሁም። ከአየር ጤና ቤቴል ዐሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው ማድነቅ ቀርቶ ማመንም ይከብደዋል። እትዬ አልማዜን ግን አደንቃቸዋለሁ፤ ያውም በሰው ፊት ካሳፈሩኝ በኋላ።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በጋሽ መሸሻ ነው። የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው፤ ኮልፌ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በርና መስኮት ሲሠሩ ኖረው፣ እርጅና ሲመጣ ከዋንዛ ቁራጭ ዓሣ መጥረብ ጀመሩ። መዳፍ የሚሞላ፣ ሆዱ ላይ ሁለት መንጠቆ የተንጠለጠለበት የእንጨት ዓሣ ነው። ትልቁ ዓሣ እውነተኛ መስሎት እንዲውጠው ነው የሚሠራው። የመጨረሻው ዓሣ ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ ዓይናቸው እየከዳቸው ነዋ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። መሣሪያዎቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስገቡ። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልምባቸው በዚያ እንጨት አንድ ዓሣ ሲያዝ ማየት።

ቅዳሜ ጊቤ እወስድዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ችግሩ የማጥመጃ ዘንግ ነበር። የእኔ ዘንግ ለትንንሽ ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ የጋሽ መሸሻ እንጨት የሁለት እንቁላል ክብደት አለው፣ ብወረውርበት ለሁለት ይሰነጠቃል። መርካቶ ጠየቅሁ፤ ለከባድ የሚሆነው አዲስ ዘንግ የእኔ አቅም አልነበረም። አንድ ተሳፋሪ እትዬ አልማዜ ጋ ሂድ አለኝ።

እትዬ አልማዜ ዓለም ባንክ፣ ከፌርማታው ጀርባ፣ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡትን ብረትና ዕቃ የሚረከቡበት መጋዘን አላቸው። ያደጉት ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጥግ ላይ በርሜል ውስጥ ያገለገሉ ስድስት ዘንጎች ቆመዋል።

አባቴ ጎጃሜ ነው። ዱላ ሲመርጥ በሁለት እጁ ይዞ ያጎብጠዋል፤ ጎብጦ ሳይሰበር ከተመለሰ ደህና ዱላ ነው። እኔም እንደ አባቴ ስድስቱንም አጎበጥኳቸውና ጫፉ መሬት ስሞ የሚመለሰውን፣ የሚያብረቀርቀውን ረጅም ቀይ መረጥኩ። እትዬ አልማዜ ምን ልትወረውርበት ነው አሉኝ። እንጨቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት፤ ክንፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ማን እንደሠራው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ የጋሽ መሸሻን የዓይን ነገርም አልደበቅሁም። አንድ ሃይላንድ አነሡና፣ በአንድ እጃቸው እንጨቱን በሌላው ሃይላንዱን እየመዘኑ፣ ክብደቱ እኩል እስኪሆን ውሃ ጨመሩበት። ከዚያ በቀዩ ዘንግ ክር ላይ አስረው ወርውር አሉኝ። ወረወርኩ። ዘንጉ እንደ እርጥብ አርጩሜ ተለመጠና ሃይላንዱ እግሬ ሥር ወደቀ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ሳቁ፤ ደሜ ፈላ።

"ይሄ ዱላ አይደለም፣ ሸክም ሊሸከም ነው" አሉኝ። "ተሸካሚ እንዲህ አይለመጥም።"

ያወጡልኝ ከሁሉም አስቀያሚውን ነው። አጭርና ወፍራም፣ የመያዣው ቡሽ የተበላ፣ ጫፉ ስንዝር ያህል የተሰበረ። ስባሪውን በመጋዝ አስተካክለው የክሩን ቀለበት በማስቲሽ አጣበቁበት። ከባድ ዘንግ ጫፉ ሲሰበር ቀሪው ይበልጥ ይጠነክራል፣ ስባራ የሚፈልግ ስለሌለም ርካሽ ነው አሉ። በዚህኛው ስወረውር ሃይላንዱ አጥሩን ሊዘል ምንም አልቀረው።

ከፍዬ ልሄድ ስል ዓይንህን ጨፍን አሉኝ። መጀመሪያ ቀዩን አስያዙኝና ጫፉን በጥፍራቸው እየነኩ ስንቴ እንደነኩት ጠየቁኝ። አንዱም አልተሰማኝም። በስባራው ግን ሦስቱንም ቆጠርኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ የታክሲ ተራዬ እያለፈ በሆዴ ሥራ ፈት ሴትዮ ብዬ አማኋቸው።

ቅዳሜ ጊቤ ደረስን። ጋሽ መሸሻ ኮታቸውን ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወረወርኩ። እንጨቱ ሄደ፣ ሄደና ውሃው መሃል ወደቀ። እንዲያ ሩቅ ወርውሬ አላውቅም። አዩት ወይ አልኳቸው።

"ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚታየኝ" አሉ። "የት ወደቀ?"

እንባዬ መጣ። ባለፈው ወር ይዣቸው ብመጣ ኖሮ እያልኩ ራሴን ረገምኩ። ወዲያው የእትዬ አልማዜ ጥፍር ትዝ አለኝ። ዘንጉን አስያዝኳቸውና የክሩን ማጠንጠኛ ቀስ ብለው እንዲያዞሩ ነገርኳቸው።

አዞሩ። ፊታቸው ተለወጠ። እንጨቱ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ነው፣ ልክ ስጠርበው እንዳሰብኩት አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

"አንዴ ጎሰመው" አሉ። "ሁለት።"

ሦስተኛውን ሳይናገሩ ዘንጉ ጎበጠ። ወገባቸውን ይዤ ብደግፋቸውም እጄን አልፈለጉም፤ ብቻቸውን ታግለው አወጡት። ከክንዴ የሚረዝም ዓሣ ነበር።

ዓሣው ሳሩ ላይ ሲገላበጥ፣ ጋሽ መሸሻ የዘንጉን ስባራ ጫፍ እየዳሰሱ ማን እንደመረጠው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እውነቱን ነገርኳቸው፤ የቀዩንም፣ የሃይላንዱንም፣ የጥፍሩንም።

ስባራውን በአውራ ጣታቸው ደግመው ዳሰሱት።

"ስንመለስ መሣሪያዎቼን ከአልጋው ሥር ታወጣልኛለህ" አሉኝ። "ለሴትዮዋ አንድ ዓሣ እጠርባለሁ።"