ዳማ ከድንኳኑ ፊት

«ነፋሱ ነው የጨረሳት» አለ አቶ ወልደገብርኤል፣ ንፍሮውን ከመዳፉ እየለቀመ። «መከለያ እንኳ በሌለው ሞተር ደረቷን ለብርድ ሰጥታ። ኩላሊት ብርድ ይችላል እንዴ?»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቿን የጸሎትን ኩላሊት ያዩት ሐኪሞች ስለ ብርድ ያሉት ነገር የለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ በሽታ ነው ብለው ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ሐኪምን ማን ይሰማዋል? ንፍሮ የያዘ ሁሉ ሐኪም ነው።

የሟች እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጥግ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ወልደገብርኤል ታናሽ ወንድማቸው ነው። ድንኳኑን ያስተከለ፣ ካህናቱን የጠራ፣ ከእድሩ ጋር የተነጋገረ እሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ግን ትናንት ከቀብር መልስ አንድ ነገር ጨምሮ አሰናድቷል። ነገ በሰልስቱ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ኢሱዙ መጥቶ የጸሎትን ሞተር ከጓሮ ጭኖ ይሄዳል።

«ለስሟ ብዬ ነው፣ እትዬ» አላቸው ጎናቸው ቁጢጥ ብሎ። «የአርባ ዓመት ሴት እግሯን አንፈራጣ ፒያሳን ስታካልል ኖረች። ያኔ ብንናገርም አልሰማችም። አሁን እንኳ በክብር እናልቅስላት።»

ተናኘወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። እንቢ ማለት ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንቢ ካሉ ለምን የሚል ይከተላል፤ ለዚያ መልስ መስጠት ደግሞ ሦስት ዓመት የደበቁትን አደባባይ ማውጣት ነው።

የድሮ ጎረቤታቸው አስካለ ከመሀል ተነስታ ሙሾ ጀመረች። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ከተበተነ ወዲህ ለቅሶ በሆነ ቁጥር ታክሲ ተሳፍራ ትመጣለች፤ ድምፅ አላት። «የቤቷ እመቤት፣ ድምጿ የማይሰማ» ብላ አወረደች። ሴቶቹ ተቀበሏት።

ድምጿ የማይሰማ? ጸሎት? ከምኒልክ አደባባይ ስትነሳ እሪ በከንቱ ድረስ የምትሰማው ልጅ? ተናኘወርቅ ደማቸው ፈላ። እነዚህ ሰዎች ማንን ነው የሚያለቅሱት?

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ከጸሎት ኋላ የተቀመጡት ከሦስት ዓመት በፊት፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ዝናቡ ገና ያባራበት፣ ታክሲ የሚባል የጠፋበት የክረምት ጠዋት። ሞተሩን ቤት ያመጣችው ጊዜ ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋታል። «ልብስ እንኳ የለውም» ብለው ነበር፤ እውነትም ሽፋን የሚባል የለው፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ይታያል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደተከፈቱ ሁለት ጣቶች ወዲያና ወዲህ ዘንበል ብለው ቆመዋል። ቀለሙ ቀይ ዳማ ነበርና በአያቷ ፈረስ ስም ዳማ አለችው።

«ነይ እማዬ ላድርስሽ። ግራ እግርሽን እዚያ ብረት ላይ፣ እጅሽን ትከሻዬ ላይ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሄልሜት አድርገሽ ማን ያውቅሻል።»

ሁለቱንም እጃቸውን ወስዳ የቆዳ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችላቸው። ዳማ ተነሳ። ሌሎች ሞተሮች እየጮኹ የሚወጡትን ዳገት እሱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ዱብ ዱብ እያለ፣ ሳይጣደፍ ወጣው። «ጉልበቱ ከታች ነው» አለች ጸሎት ወደ ኋላ ዘወር ሳትል። «ማስጮህ አይፈልግም።» ኮብልስቶኑ ላይ እያንዳንዷ ድንጋይ ወገባቸው ድረስ ተሰማቻቸው። ሰው በበዛበት ጠባብ መንገድ ቀስ ሲል ይነጫነጫል፣ ይነቀንቃል፣ የኋላው ሲሊንደር ጭን ይጠብሳል። አስፋልት ላይ ሲለቀቅ ግን ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጠፋ። ነፋሱ ደረታቸውን ገፋቸው፤ ተናኘወርቅ ሄልሜቱ ውስጥ ብቻቸውን ሳቁ።

«አሁን እንዞራለን» አለች አደባባዩ ጋ ሲደርሱ። «ስጋደም አብረሽኝ ተጋደሚ። ቀጥ ብለሽ ከታገልሽው መንገዱን ይስታል።»

ተጋደሙ። ያ ከባድ ብረት ክብደቱን ረስቶ ያሰቡት ቦታ ገባ። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ጋዙን ዘጋችው፤ ፍሬን ሳትነካ ራሱ ይዞ አወረዳቸው። ከላዩ ሲወርዱ ግን የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ባታቸውን ጠበሳቸው። ለጎረቤት የፈላ ውሃ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ የጊዮርጊስ ዕለት አብረው ወጡ፤ አንዳንዴም ከቅዳሴ በኋላ በአራት ኪሎ ዞረው ይገቡ ነበር፣ ጸሎት መሪ መያዝ እስኪያቅታት ድረስ።

በሰልስቱ ጠዋት የወልደገብርኤል ዕቅድ ተበላሸ። ኢሱዙው መንገድ ተዘግቶበት፣ ሰው ከጊዮርጊስ ተመልሶ ድንኳኑ ከሞላ በኋላ ደረሰ። ሞተሩን ከጸሎት ጋር ፈታቶ የገጠመው መካኒክ የሲን፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከጓሮ እየገፋው ወጣ።

«ወዴት ነው?» አሉት ተናኘወርቅ።

«ወደ መኪናው፣ እማማ። አቶ ወልደገብርኤል ናቸው ያዘዙኝ።»

«እዚህ አምጣው፣ ድንኳኑ ፊት። ጃኬቷንም ከቤት አውጣና እላዩ ላይ አድርገው።»

ወልደገብርኤል ብድግ አለ። «እትዬ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት ነን።»

«ሰው ስላለ ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ፣ አገራችን ቡልጋ ላይ፣ ፈረሱን ጭነን፣ ካባውንና ጠመንጃውን ኮርቻው ላይ አድርገን በለቀስተኛው መሀል አዞርነው። ልጓሙን የያዝከው አንተ ነህ። ፈረሱ ነው የገደለው ያለ ሰው ነበር?»

ተናኘወርቅ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

«ልጄ የጋለበችው ይሄን ነው። ያፈረ ካለ ንፍሮውን አስቀምጦ ይሂድ።»

«ሐዘን ራሳቸውን አዞራቸው» አለች አንዷ ቀስ ብላ። ተናኘወርቅ ሰሟት። የጥቁር ቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ባታቸውን አሳዩ፤ የቃጠሎው ጠባሳ ሁሉም ፊት ወጣ።

«የፈላ ውሃ አይደለም፣ ማርሚታ ነው። ሦስት ዓመት ከኋላዋ ተቀምጬ ጊዮርጊስን ተሳልሜያለሁ። ነፋስ የሚገድል ቢሆን እኔን አሮጊቷን ያስቀድም ነበር።»

ንፍሮውን ያስቀመጠ የለም። የኢሱዙው ሹፌር ኮፍያውን አወለቀ።

የሲን ጃኬቱን ከፊት ወንበሩ ላይ አልብሶ ቁልፉን አዞረ። ዳማ አንዴ አንገራግሮ ተነሳ፤ ዱብታው የድንኳኑን ሸራ አንቀጠቀጠው። «ትንሽ ይሙቅ» አለ የሲን፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ።

«ወልዴ፣ ና። ትከሻህን ስጠኝ።»

ወልደገብርኤል መጣና ጎንበስ አለላቸው። ግራ እግራቸውን ብረቱ ላይ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ከጃኬቱ ኋላ ወንበሩ ላይ ወጡ።

«አንቺ አስካለ፣ አሁን አልቅሺላት። የኔዋን ጸሎት።»

አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ዳገት አይበግራት፣ ቁልቁለት አትፈራ፤
ምነው ዛሬ ሄደች፣ ዳማዋን ሳትጠራ።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ወልደገብርኤል መሪውን እንደ ልጓም ይዞ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ተናኘወርቅ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ግለት ኪሱን አሙቆት ነበር።