ያለ እኔ ልዑሉ አይገባም

ሽማግሌው ዛሬም መጣ። እንደ ትናንቱና እንደ ትናንት ወዲያው ኮፍያውን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ቢጫ ፖስታውን ጭኑ ላይ አኖረ፣ ሁለት እጆቹን በላዩ ላይ ጫነና ዝም አለ።

ሚንዲ አጭሯ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች በዓይኗ ጠርዝ አየችው። አባቷ ሄርሽ ላንድማን ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በአይሁድ የለቅሶ ሥርዓት የሸሚዟ አንገት በግራ በኩል እንደተቀደደ ነው፤ እግሯ ላይ የጨርቅ ጫማ አድርጋለች። የቤቱ መስታወቶች ሁሉ ተሸፍነዋል። ቴሌቪዥኑም አልቀረለትም፤ ሲጠፋ የሰው ፊት ያሳያል ብላ አክስቷ ጊትል በአበባማ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ጋርዳዋለች። ጊትል የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ስለ ለቅሶ ሥርዓት ለማወቅ የፈለገ የሰፈሩ ሰው ከሃይማኖት መምህሩ ከራቢው ይልቅ እሷን ይጠይቃል። ራቢው ያመነታል፤ እሷ አታመነታም።

ሚንዲ ወደ ሶፋው ጠጋ ብላ ሰውየው ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ያንቺ እንግዳ አይደል እንዴ? ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት የመጣ መስሎኝ» አለች ጊትል።

«እኔ ደግሞ ያንቺ መስሎኝ።»

«እንግዲያው ጎረቤት ላመጣው ዓሣ ነው የሚመጣው።»

«እሱ እኮ ዓሣውን አልነካውም።»

«ለእንቁላሉ ነዋ» አለች ጊትል፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ያልታያቸው አንድ ነገር ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ኀዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ድረስ አይናገርም። ዛሬ ይህን የሚጠብቅ ብዙም የለም፤ ጎረቤቱ ሁለት ደቂቃ አንገቱን ይደፋና ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ መኪና ማቆሚያ ማውራት ይጀምራል። ይህ ሰው ግን ሥርዓቱን በቁሙ የወሰደ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የመጀመሪያዋን ቃል ሲጠብቅ ውሎ፣ ቃሏ ስትቀር እጅ ነስቶ ሄደ። በብሩክሊን ሰዎች ብዙ ነገር ያጣሉ፤ በጨዋነት ብዛት የሚያጡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሚንዲ እንግዳውን ልብ ያላለችው ሌላ ነገር ስላስጨነቃት ነው። ከቀብር በተመለሱበት ቀን ለሟች መታሰቢያ ሰባት ቀን ለሚነደው ሻማ ክብሪት ፍለጋ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትከፍት አንድ የቆየ ፕሮግራም አግኝታለች፤ ቲያትር ቤት በር ላይ የሚታደለውን፣ የተዋንያን ስም ዝርዝር ያለበትን ትንሽ መጽሔት። ሽፋኑ ላይ የሾርባ ጠብታ አለበት። ያንን ጠብታ ታውቀዋለች። ጠረጴዛው ላይ የወረወረችው እሷው ነበረች፤ አባቷ ግን አልጣለውም።

ሄርሽ አርባ ዓመት አዝራርና ዚፕ ሸጧል። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ደንበኛ ሲጠብቅ በቀኝ ጫማው አፍንጫ የግራ ባቱን ያሻል፣ ደግሞ ያሻል፤ ስለዚህም ሱሪዎቹ ሁሉ በግራ እግር በኩል የሳሱ ነበሩ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ ቤታችን የግራ እግር ብቻ የሚበላ ብል ገብቷል እያለች ትጥፍለት ነበር።

ይህ አዝራር ሻጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሾርባው ሳይቀርብ፣ የሚያወራት አንዲት ታሪክ ነበረችው። ሳያገባ በፊት፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ በትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ጎዳና በብሮድዌይ ላይ ከተረት በተሠራ ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ነበርኩ ይላል። የመስታወት ጫማዋ ልጅ፣ መቶ ዓመት የተኛችው ልዕልት፣ እንቁራሪት የነበረው ልዑል፣ ሁሉም በአንድ ቤተ መንግሥት የሚገናኙበት ቲያትር። ዘፍነህ ነበር ወይ ሲሉት አልዘፈንኩም ይላል። ታዲያ ምን ሆነህ ነበር ሲሉት ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ፣ «ያለ እኔ ልዑሉ አይገባም ነበር» ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ሚንዲ በልጅነቷ አምና ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች። አድጋ የጂኦሜትሪ መምህርት ስትሆን ግን ማስረጃ የሌለው ነገር አይዋጥላት ጀመር። ሰባኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል ፕሮግራሙን ከአሮጌ ወረቀት ቤት ፈልጋ ገዛችው፤ በመስታወት አስገብታ ልትሰጠው ነበር ሐሳቧ። ታክሲ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስሙ የለም።

ዝም ልትል ወስና ነበር። ዳሩ ግን ያን ቀን አባቷ አማቶቿ ፊት ታሪኩን ሲጀምር ቆሽቷ አረረ፤ ያ ሁሉ የልጅነት ጉራዋ ትዝ አላት። ፕሮግራሙን አውጥታ፣ «አባዬ፣ እስኪ ስምህን አሳየን» አለችና ዝርዝሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ ልዕልቷ እገሊት፣ ልዑሉ እገሌ። መጨረሻው ላይ «ፈረሱ፦ ራሱ» የሚል ነበር። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አባቷም ሳቀ፣ ትንሽ ዘግይቶ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ሳያትሙት ቀሩ» ብሎ ሾርባውን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ያቺን ታሪክ ግን አንድም ቀን አልደገማትም። ሚንዲ ያኔ፣ ስለተያዘ ነው ብላ ነበር። አሁን ሻማው ሲነድ እያየች፣ ውሸታም ያፈረበትን ወረቀት ለምን በመሳቢያ ያስቀምጣል ትላለች። እውነቱን ተናግሮ ከነበረ ያን ሰው በሰው ፊት ያዋረደችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጎረቤቶቹ ወጡና ቤቱ ጭር አለ። ሽማግሌውም ተስፋ ቆርጦ ሊነሳ የወንበሩን ክንድ ሲይዝ ሚንዲ አላስችል አላት።

«ይቅርታ፣ ማን ልበልዎት?»

ሰውየው መልሶ ተቀመጠ፤ ሁለት ቀን ያፈነው ትንፋሽ የወጣለት መሰለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። አርኖልድ ቬክስለር እባላለሁ። እኔ የፊቱ ነበርኩ፤ አባትሽ የኋላው።»

«የምን የኋላ?»

«የፈረሱ» አለ ቬክስለር።

ጊትል የሻይ ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ቬክስለር ነገሩን በዝርዝር አስረዳቸው። ፈረሱ ከጨርቅና ከቀርከሃ የተሠራ ነበር። እሱ ከፊት ቆሞ የፈረሱን አንገት ያዞራል፤ ሄርሽ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ የቬክስለርን ቀበቶ ይጨብጣል፤ ልዑሉ ደግሞ በሄርሽ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ስማቸው እንዳይታተም ያዘዘው የትርኢቱ ባለቤት ነው፤ ልጆች ፈረሱ እውነተኛ እንዲመስላቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገረንም?» አለች ሚንዲ።

«የፈረስ ቂጥ ነበርኩ ብሎ ለሴት ልጁ የሚያወራ አባት የት አገር አለ?» አለች ጊትል። ከዚያ ወደ ቬክስለር ዞረች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ወንድሜ ማጋነን ይወድ ነበር። እርስዎም ለቅሶ ቤት ነውና እንድንጽናና ብለው እንዳይሆን።»

ቬክስለር አልተቀየማትም። ከፖስታው ሲዲ አወጣ። ቲያትሩ በዚያ ዘመን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ቤቶች ተብሎ በሦስት ካሜራ ተቀርጿል፤ የልጅ ልጁ በስንት መከራ ከፊልሙ ገልብጦለታል። ሆኖም ፈረሱ ውስጥ ማን እንዳለ እንደማይታይ አልደበቀም፤ የእኔንም ፊት መጨረሻው ላይ ካልሆነ አታዩትም አላቸው።

ሚንዲ ቢሆንም ማየት ፈለገች። ጊትል ግን ክንዷን ያዘች።

«ሙዚቃ? በለቅሶ ቤት? ለአባት እኮ ሙዚቃ የሚከለከለው አሥራ ሁለት ወር ነው።»

«እኔ እንኳን ዓመቱን፣ ሊፍታችሁ እስኪመጣም መቆየቴን እንጃ» አለ ቬክስለር።

ሚንዲ ትንሽ አሰበች፤ ድምፁን ብናጠፋውስ አለች። ጊትል ግንባሯን ቋጠረች። ድምፅ ከሌለው ሙዚቃ አይባልም፤ ያም ሆኖ ቲያትር ነው፤ ቲያትር ደግሞ መዝናናት ነው። በሌላ በኩል ሟች ያለበትን ፎቶ ማየት የከለከለ የለም፤ ትናንት ማታ ራሷ አልበም ስትገልጥ ነው ያመሸችው።

«ይሄም ፎቶ ነው» አለ ቬክስለር፤ «ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ።»

ጊትል አንሶላውን ራሷ ገለጠች። ሪሞቱን ግን ለማንም አልሰጠችም፤ አንዲት ድምፅ ከወጣች እዘጋዋለሁ ብላ በሁለት እጇ ጨብጣው ተቀመጠች።

ሚንዲ ሲዲውን ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። መጋረጃው ተከፈተና የመስታወት ጫማዋ ልጅ ወጥታ አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ምንም አልተሰማም። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። እንቁራሪቱ ከጉድጓድ ወጣ፤ የተኛችው ልዕልት ሰባት ሆነው በተሸከሟት አልጋ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጊትል የተቆጣችበትን ረስታ ትጠይቅ ጀመር። ይቺ ማን ናት፤ ለምን ታለቅሳለች፤ ያ ባለ ጢሙ ምን አላት። ቬክስለር የዘፈኑን ቃል በንባብ ይነግራታል። አንድ ጊዜ ረስቶት ዜማውን በአፍንጫው ሲጀምር ሪሞቱን ቀና አደረገችበት፤ ወዲያው አቆመ።

«አሁን እኛ ነን» አለ።

ፈረሱ ልዑሉን ተሸክሞ ገባ። ሚንዲ ከበርጩማዋ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ልዑሉ ዘሎ ወረደ፤ ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ ይዘፍን ጀመር። ቬክስለር እዚህ ጋ አራት ደቂቃ እንደሚቆሙ ነገራቸው። ፈረሱ ቆመ። የፊት እግሮቹ ተተክለው ቀሩ። አንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም፤ ሚንዲ ወደ ቴሌቪዥኑ ይበልጥ ተጠጋች።

ከዚያ የፈረሱ የቀኝ የኋላ እግር ከመሬት ተነሳ። ወደ ግራው ሄደና ባቱን አሸት አሸት አደረገ፤ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተነሳ፤ አሸ። ካሜራው ፊት ያሉት የሕፃናት ጭንቅላቶች በሳቅ ተናወጡ።

ጊትል የሪሞቱን ቁልፍ ተጫነችና ወደ ኋላ መለሰችው። ደግመው አዩት። ሦስተኛም መለሰችው።

«የግራ እግሩ ብል ራሱ ነው» አለች ጊትል ዓይኗን እየጠረገች።

ቬክስለር አዘጋጁ መጀመሪያ በሄርሽ ላይ እንደ ጮኸ፣ በኋላ ግን ልጆቹ ያቺን ማሸት እየጠበቁ ሲስቁ እንደተዋት ነገራቸው። ሚንዲ ፊቷን ከመስኮቱ ብርሃን አዙራ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም። ትርኢቱ አልቆ ተዋንያኑ ተሰልፈው እጅ ሲነሱ፣ የፈረሱ ራስ ተነቅሎ ከውስጡ የላበው ወጣት ቬክስለር ብቅ አለ። ኋላው ግን እንዳጎነበሰ ነው።

«አባቴስ አይወጣም?»

«ስፌቱ አያስወጣውም ነበር፤ ጭንቅላቱ እኔ ወገብ ላይ ነው። አሥራ አንድ ወር ሕዝቡን አንድም ቀን አላየም። ‹ዛሬ ስንት ሰው አለ?› ይለኛል። ‹ሞልቷል› እለዋለሁ።» ቬክስለር ባዶውን ፖስታ ጭኑ ላይ አቃና። «አንዳንድ ቀን ግማሹ ባዶ ነበር።»

ሚንዲ ተነስታ ፕሮግራሙንና እርሳስ አመጣች። መጨረሻውን ገጽ ገልጣ «ፈረሱ፦ ራሱ» በሚለው አጠገብ ልትጽፍ ስትል ቆም አለች፤ ከሁለቱ ስሞች የቱን እንደምታስቀድም ቬክስለርን ጠየቀችው።

«የኋላውን አስቀድሚ» አለ ቬክስለር። «ልዑሉን የተሸከመው እሱ ነው።»

ሄርሽ ላንድማን ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የቬክስለርን። ከዚያ ፕሮግራሙን ከሰባቱ ቀን ሻማ አጠገብ አቆመችውና፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች፤ ያን ቀን ዝርዝሩን እንዳነበበችው ጮክ ብላ።

የበሩ ደወል ጮኸ፤ የሰፈሩ ወንዶች ለለቅሶው ጸሎት መጥተው ነበር። ጊትል ቴሌቪዥኑን ቶሎ ሸፍኚ ብላ ልትከፍትላቸው ሄደች። ሚንዲ ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችና ፈረሱ በቆመበት አቆመችው። አበባማውን አንሶላ በልዑሉ ላይ፣ በሰገነቱ ላይ፣ በፈረሱ አንገትና ጀርባ ላይ አወረደች። እግሮቹ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሰዎቹ በኮሪደሩ ኮቴያቸው እየተሰማ ሲመጡ የኋላ እግሮቹን ሳትሸፍን አንሶላውን እዚያው ላይ ተወችው።