አማቾቹ ዓርብ ይመጣሉ

ነዚፋ አሜሪካ፣ ኬኔሶ ከተማ ላይ የፕሮጀክት ማኔጀርነት ሰርተፊኬቷን ተቀብላ ስትወጣ፣ የአትላንታ ትራፊክ እንኳ ቆሞ አሳልፏታል። አዲሱ ሱቅ ወደሚከፈትበት ወደ ዱሉዝ ስትደርስ ግን ቆሞ የሚያሳልፋት ጠፋ።

የምትሠራበት የሸቀጥ ግሮሰሪ ባለቤት ጋሽ ነጋ ቁርጡን ነግረዋታል፦ «አዲሱን ሱቅ ቅዳሜ ካስከፈትሽ ሮዝዌል ከተማ የምንከፍተውንም የምታሠሪው አንቺ ነሽ። ካልሆነ ወደ ካሸርነትሽ!»

ሼልፍና ፍሪጅ የመግጠሙ ሥራ የጋሽ ሙሀመድሰዒድ ነው። እኚህ ሰው፣ በራሳቸው አፍ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጎማ እስኪቀየር አይሱዙ በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ሻይ ጠጥተዋል።

ሰኞ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ሥራው የት ደረሰ?»

«አለቀ በይው!»

ሄዳ ብታይ ሼልፉ ከነላስቲኩ ግድግዳ ተደግፎ ተኝቷል። ማክሰኞ የሥራውን ሰሌዳ በአራት ቀለም አሳምራ ለጠፈች።

«ሲያምር! ለልጆች ነው?» አሏት።

አባቷን የሚያህል ሰው «ይዋሻሉ» አይባል። ስልጠናው ደግሞ ይህን አላስተማራት። ረቡዕ ጥርሷን ነክሳ፣ ሰሞኑን በልጃቸው ሰርግ ለተዛመዷቸው አማቾች ስልክ ደወለችና ሱቁ ሄደች።

«ጋሼ፣ አዲሶቹ አማቾችዎ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። የእጅዎን ሥራ እንዲያዩ ጋብዣቸዋለሁ።»

የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። «ካንስል አድርጊው!»

«ትልቅ ሰው ጠርቼ አትምጡ ልበል? እንደሱ አላደግሁም።»

«ባይደርስስ?»

«አብረን እናፍራለና!» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ መፍቻ አነሳች።

ከዚያማ የድሪሉ ጩኸት ሮዝዌል ድረስ ተሰምቶ፣ ሰው አውሮፕላን ሊያርፍ ነው ብሎ ከቤቱ ወጣ። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ድንገት ድሪሉን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ የፍሪጁ ሶኬት አይገጥምም። ሰኞ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልቻልኩም ማለት ከባድ ነዋ!»

«ለኔ ይንገሩኝ። መፍትሔ መፈለግ የኔ ሥራ ነው» አለችና ኤሌክትሪሻኑን ፊሊሞንን ጠራች። እስኪጨርስ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

ዓርብ አማቾቹ ሲገቡ ፍሪጁ በርዷል፣ ሼልፉ ቆሟል። ትልቁ አማች ሼልፉን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም። «ማሻአላህ!» አሉ። ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ላባቸውን ጠረጉ።

ቅዳሜ ሱቁ ተከፈተ። ጋሽ ነጋ የሮዝዌሉን ቁልፍ እየሰጧት፣ «እዚያስ ቀልጠፍ ያለ ሰው ልቅጠርልሽ?» አሏት።

«አይ፣ ጋሽ ሙሀመድሰዒድን ነው የምፈልገው» አለች ነዚፋ። «ሌላ ሰው እውነቱን እስኪነግረኝ እንደገና ልድከም?»