የወፍጮ ቤቱ ጥግ

«ታዲያ እነዚህ ቀስቶች ምንድን ናቸው?» ሞቱማ የሟች ወንድሙን ደብተር ሲንቄ ፊት ዘረጋው። «ይኸው ቤታችሁ፣ ይኸው የሁሉቃ ድልድይ፣ ይኸው ገበያው። ዲንሳ ከሞተ በኋላ እንኳ ሊያሳስረን ነው?»

«ፊዚክስ ነው አልኩህ። ቀስቶቹ እኔና እሱ ነን።»

«ነገ ወታደሮች የቤት ለቤት አሰሳ አላቸው። እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸው!»

ሲንቄ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙራ እንደለበሰች ጓዳ ቆማለች። ባሏ ዲንሳ በጉበት ሕመም ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ዲንሳ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር ነበር። ካርታውን የሣለው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስበት ማለት የህዋና የጊዜ መጉበጥ ነው እያልን እናስተምራለን» አላት። «ከመጉበጥ አልፈው ቢጠማዘዙስ? አንቺ ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ድልድዩ ሄደሽ ሁለት መቶ ወደ ገበያው ትታጠፊያለሽ። እኔ የገበያውን ሁለት መቶ አስቀድሜ ሦስት መቶውን አስከትላለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ መገናኘት አለብን። ጥምዘት ካለ ግን አንገናኝም፤ በመካከላችን ክፍተት ይቀራል።»

«ማን ነው የሚያጠማዝዘው?»

«ቁስ ራሱ። ውስጡ ያሉት ደቃቅ ነገሮች ሲሾሩ። ጥምዘቱ ግን እዚያው ውስጡ ይቀራል፣ ወደ ውጭ አይወጣም የሚሉ አሉ። ለዚህም ይሆናል እስካሁን የለካው የለም።»

ይህን ሲል ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር። ሲንቄ ምን ሆንክ አላለችውም።

«ነይ እንሞክረው፣ ማሎ፣ እባክሽ!»

«ተጣልተው ተለያዩ እንዲሉን?» ብላ ሳቀች። አልሄደችም።

አሁን ካርታውን አንዴ አየችና ደብተሩን ዘጋችው።

«ውሰደው።»

ሞቱማ ለረጅም ክርክር ተዘጋጅቶ ነበር። ደብተሩን ይዞ የለቀስተኛው ወጥ ወደሚሠራበት እሳት ሄዶ ገጹን እየገነጠለ ይጨምር ጀመር።

«ዛሬ ደግሞ ማገዶ አቀባይ ሆንክልኝ?» አለችው ጎረቤታቸው ጉዴ፣ ድስቱን እያማሰለች። «ምነው ትላንት በጭስ ስንታፈን የት ነበርክ?»

ሞቱማ ሌላ ገጽ ገንጥሎ ጨመረ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሽማግሌው ኦቦ ጉታ ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ እያሉ ያወራሉ። ሲንቄ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ድልድዩ አቀናች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች እርምጃዋን ትቆጥር ነበር።