የዌንደል ፕራተር ጣቶች

ዌንደል ፕራተር ለቤዝቦል ክለባችን በወረወረባቸው አሥር ዓመታት ክንዱን የሚያሟሙቀው ለእኔ እየወረወረ ነበር። ኦሪን ስተኪ እባላለሁ። ተቀባይ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ግን ገና በትንንሾቹ ሊጎች ሳለሁ ስለተበላሸ በዋናው ሜዳ አንድም ቀን አልተሰለፍኩም። ሥራዬ ከግራው አጥር ጀርባ፣ ተተኪ ወርዋሪዎች በሚሟሟቁበት ጥግ፣ የማይታጠፈውን እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ኳስ መቀበል ነበር።

ዌንደል ጨዋታ ዘጊ ነበር፤ በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ገብቶ መሪነታችንን የሚያስጠብቅ ወርዋሪ። ሌሎቹ ስምንት ዙር ታግለው በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ሲመሩ፣ አሰልጣኛችን ጋስ ማሎይ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ስልካችን ይደውልና «ዌንደል ይነሳ» ይላል። እሱም ስምንት ኳስ ይወረውርልኛል፤ አንድም ጨምሮ አያውቅም፤ ከዚያ ይገባል። ሦስት መቺ ያስወጣል፤ ጨዋታው ያልቃል፤ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያውቀው አንድ ዓይነት ኳስ ብቻ ነበር። ደረት ላይ ትመጣለች ስትባል ጉልበት ጋ ትሰምጣለች። እንደምትሰምጥ የማያውቅ መቺ አልነበረም፤ ቢሆንም አይመቷትም። እ.ኤ.አ. በ1979 በጋ ከሠላሳ ስምንት ጨዋታ ሠላሳ ስድስቱን ዘጋ። ጋዜጦቹ ደም የለውም እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ማሞገሳቸው ነው።

በዚያው በጋ፣ ሰኔ ላይ፣ ሰባተኛው ዙር ሲጀመር ስልኩ ጮኸ። ከቢሮ ነበር። ከኬንታኪ እህቱ ደውላለች፤ አባቱ ትምባሆ ማሳው ውስጥ ወድቆ ሞቷል። መልእክቱን የነገርኩት እኔ ነኝ። ዌንደል የሱፍ ፍሬ እየፈለጠ ያደምጠኝ ነበር። ቅርፊቱን ተፋና «ስንት ሰዓት ላይ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሌላ ፍሬ አፉ ውስጥ ከተተ። በስምንተኛው ዙር ጋስ ደወለ፤ ዌንደል ተነሣ፣ ስምንት ኳስ ወረወረልኝ፣ ገባና ሦስቱንም መቺዎች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳስቀመጡ አስወጣቸው። በማግስቱ በመኪናው ሄዶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ቀብሩ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት።

«ዝናብ ነበር» አለኝ።

ያኔ ጠንካራ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን ምን ብዬ እንደማስብ እንጃ። ሚስቱ ሎርና ስትለየውም ፊቱ ያው ነበር። ጓዟን ጭና በሄደችበት ቀን ስለ ጓንቱ ማሰሪያ አወራኝ።

ጣቶቹ ላይ የሆነውን ነገር ያየሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው። አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት፣ ብርድ እንደመታው ሰው ጣቶቹን እፍ ይል ጀመር። ኳሷም ሁልጊዜ አትሰምጥም ነበር። አልፎ አልፎ ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ አንዳንዴ ጭራሽ ከጭንቅላቴ በላይ ታልፋለች። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ሳለ መርፌ ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። ቀኝ እጁን ጉልበቴ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ውጋኝ» አለ።

ሌባ ጣቱን ወጋሁት። መሐል ጣቱን ወጋሁት።

«ጀመርክ?»

«ሁለቴ ወግቼሃለሁ» አልኩት።

ዓይኑን ገልጦ አየ። ከሁለቱም ጣቶቹ ጫፍ ደም ወጥቷል። ሱሪው ላይ ጠረገውና መርፌ ቁልፉን ተቀበለኝ። ለጋስ እንዳልነግር ለመነኝ። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሲያልቅ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ አለ። እሺ አልኩት። ለወዳጅነት ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን እኔን ክለቡ ውስጥ ያቆየኝ ዌንደል ነበር፤ ከኦሪን በቀር ለማንም አላሟሙቅም ስላለ ነው የቆየሁት። እሱ ከሄደ ጉልበቱ የማይታጠፍ ተቀባይ ማን ያስቀምጣል?

መስከረም ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ በአንድ ነጥብ እየመራን ዘጠነኛው ዙር ደረሰ። ዌንደል ስምንት ኳስ ወረወረልኝ። ሁለቱ ከጭንቅላቴ በላይ አልፈው አጥሩን መቱ። እሱም አየ፤ እኔም አየሁ። ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት ነው?» አለ ጋስ።

ዌንደል ጓንቱን እያስተካከለ ያየኝ ነበር። ምልክት አልሰጠኝም፤ አልለመነኝም።

«ደህና ነው፣ አለቃ» አልኩ።

ገባ። ሁለት ሰው አስወጣ፤ ሌሎች ሁለት ግን ኳሷን መትተው ሮጡና ሁለተኛውና ሦስተኛው ማረፊያ፣ ቤዝ፣ ላይ ቆሙ። ቀጥሎ የመጣው መቺ ቴሪ ኦልድስ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከታችኛው ሊግ ከወጣ ወር እንኳ አልሞላውም። የዌንደል የመጀመሪያ ኳስ አልሰመጠችም። ከግራ ዓይኑ ሥር መታችው። እኔ ያለሁበት አጥር ጋ ድረስ ድምፁ ተሰማኝ። ሠላሳ ሺህ ሰው ተነሥቶ ቆመ።

ቴሪን በቃሬዛ አወጡት፤ ኳስ ያገኘችው መቺ አንደኛው ቤዝ ይሰጠዋልና በእሱ ፈንታ ሌላ ሯጭ እዚያ ቆመ። ዌንደል ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መዳፉን ገልብጦ እያየ ነበር። ጋስ ሄደና መቀጠል ትችላለህ ወይ አለው። እችላለሁ አለ። ለሚቀጥለው መቺ ሦስት ኳስ ወረወረ፤ ሦስቱም ሰመጡ፤ ሰውየው ሦስቱንም ስቶ ወጣ። አሸነፍን። ሕዝቡ ጮኸለት፤ የሚያደርገው ሌላ ነገር አልነበረውማ።

መልበሻ ክፍል ስገባ ዌንደል ከእነልብሱ ቧንቧ ሥር ቆሞ እጁን ፍል ውኃ እያስመታ አገኘሁት። እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፍኖታል። ቆዳው ቀልቶ ሊላጥ ደርሷል። ቧንቧውን ዘጋሁት። «ሞቀ እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሆስፒታል ሄድን። ቴሪ በመድኃኒት ተኝቷል፤ ፊቱ ከነዓይኑ ተጠቅልሏል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ሌሊቱን ከኢንዲያና ስትነዳ ነው ያደረችው። ዌንደል ማን እንደሆነ ሲነግራት ተነሥታ የራሷን ወንበር ሰጠችው። አልተቀመጠም።

«ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፣ እመቤቴ» አላት። «ኳሷ ከእጄ ስትወጣ አይሰማኝም። ከነሐሴ ጀምሮ እንደዚህ ነኝ። እያወቅሁ ነው የገባሁት።»

በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ?»

«ጓደኛው ነኝ» አልኳት።

ዌንደል ዞሮ አላየኝም።

በዚያው ቀን ለጋስ ሁሉንም ነገረውና ክለቡን ለቀቀ። ስለ መርፌ ቁልፉም ተናገረ፤ ራሴን ወጋሁ ብሎ ነው እንጂ ስሜን አላነሣም። ጋዜጦቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደም የለውም የሚለውን ቃል ገልብጠው ስድብ አደረጉት። ሐኪሞች ከአንገቱ ሥር ያለች አንዲት የጎድን አጥንት ወደ እጁ የሚወርደውን የደም ሥር ተጭናው እንደነበረ አገኙ። በቀዶ ጥገና አወጧት። ከዚያ በኋላ ወርውሮ አያውቅም። ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ጨዋታ ዘግቷል፤ በጊዜው ከዚያ በላይ የዘጉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ስሙን የሚያነሣ የለም። ቴሪ ኦልድስ በግራ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በላይ አልዳነም። ሁለት ጸደይ ተመልሶ ለመጫወት ሞክሮ ተወው።

እኔ ክለቡ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ማንም አላባረረኝም።

ቴሪ ከተመታ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዌንደልን ልጠይቅ ኬንታኪ ወረድኩ። የከብት መኖ መሸጫ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ጆንያውን በግራ እጁ ነው የሚያነሣው። ባቄላና የበቆሎ ቂጣ አበላኝ። ለቴሪ ስለዚያ ስልክ ልነግረው ነው አልኩት። ማኘኩን አላቆመም።

«ለማን ብለህ?» አለኝ።

ያም ሆኖ ሄድኩ።

ቴሪ በትውልድ ከተማው የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ያሠለጥን ነበር። ልምምድ ጨርሶ ብቻውን ሜዳው ላይ አገኘሁት። በግራው በኩል ቆሜ ስለነበር አላየኝም፤ ዞሬ ፊት ለፊት ቆምኩና ነገርኩት። ጋስ ጠይቆኝ ነበር፣ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ኳስ በላዬ ሲያልፍ አይቼ ነው ያልኩት አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እናቴ ታውቅ ነበር» አለኝ። «በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ፊቱ ልክ አልነበረም ትል ነበር።»

«በሕይወት አለች?»

«ባለፈው ክረምት ሞተች።»

ይቅርታ አልኩት። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዌንደል ጣቶቹ ተመለሱለት ወይ አለኝ። ትንሹና የቀለበት ጣቱ ተመልሰዋል፣ ሌሎቹ ግን እንደደነዘዙ ናቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባልዲ አንሥቶ ሜዳው ላይ የተበተኑትን ኳሶች ይለቅም ጀመር። በግራው በኩል ያሉትን አልፏቸው ስለሚሄድ እነሱን እኔ ለቀምኩለት። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱም ጠበቀኝ።

መንገድ ላይ ቀለለኝ የምልበትን ሰዓት ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። ማደያ ቆሜ ነዳጅ ሞላሁ፣ ሳንድዊች ገዝቼ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ በላሁ። ከፊቴ የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። ሳንድዊቹ ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቅሁም፤ ግን ጨረስኩት።