የክሊኒኩ መስመር

በወይን አምባ ከሞተረኛው ከጁሃር ይበልጥ ለናፍጣ የሚሳሳ ሰው አልነበረም። ወይን አምባ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ የተቀመጠች፣ አንድ የአስተዳደር ግቢ፣ አንድ ክሊኒክና አንድ የስብሰባ አዳራሽ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። መብራት የምታገኘው ከግቢው ጥግ ካለው ጄኔሬተር ብቻ ነበር። ጁሃር የሞተሩን ድምፅ ከቤቱ ሆኖ እየሰማ «ደግሞ ማን ነው አሁን የሻይ ምድጃ የሰካው?» ብሎ የሚቆጣ፣ አርባን የዘለለ ቀጭን ሰው ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ መንገዱን ቆራርጦ ጣለውና በወር አንድ በርሜል ይመጣ የነበረው ናፍጣ ወደ ግማሽ ወረደ። ወዲያው «በሥራ ላይ ያልዋለ ማናቸውም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይጥፋ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሌላው ሰው አንብቦ ፈረመና ረሳው። ጁሃር ግን ቃሉን እንደ መሐላ ያዘው። ፀሐይ ወጥታ እያለ የበራ አምፖል ካየ ገብቶ ያጠፋል፤ ተናጋሪ ሳይኖርበት ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመውን የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ ይነቅላል፤ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የቢሮውን መስመር ከሞተር ቤቱ ይዘጋል። በዚህ ሁኔታ ግማሹ በርሜል ወሩን ጨርሶ የስድስት ቀን ናፍጣ ተረፈው።

የከተማው ካድሬ ጓድ ቻላቸው ሕዝቡን ሰብስቦ ጁሃርን ከፊት አስቆመው። «አብዮታዊ ቁጠባ ማለት ይህ ነው! ጓድ ጁሃርን ምሰሉ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጁሃር በዕድሜው ተጨብጭቦለት አያውቅም፤ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም።

በክሊኒኩ ያለችው ጤና ረዳት ተዋበች ብቻዋን ነበረች። ለክትባት የተሰጣት ማቀዝቀዣ ባዶውን ከቆመ ሦስት ወር አልፎታል። «ጋሽ ጁሃር፣ እኔ ገጠር ስወጣ መስመሩን ይዝጉት። ባዶ ሳጥን ማቀዝቀዝ ምን ይረባል?» ያለችውም ራሷ ናት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በሐሙስ ቀን፣ ጁሃር ናፍጣ ሊያመጣ አህዮች ይዞ አርብ ገበያ ወጣ። እሱ በሌለበት የተቆራረጠውን መንገድ እንደ ምንም አልፎ ከደብረ ታቦር የመጣ መኪና የኩፍኝ ክትባት ለተዋበች አራግፎ ተመለሰ። ተዋበች ብልቃጦቹን አብሯቸው ከመጣው በረዶ ጋር ማቀዝቀዣው ውስጥ ደርድራ፣ ማክሰኞ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ለመጥራት አርብ ማለዳ ወደ ስማዳ በኩል ወዳሉት መንደሮች ሄደች። ከመሄዷ በፊት ለክሊኒኩ ዘበኛ ለአያ ወልደ ሰንበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጠቻቸው። «ለጋሽ ጁሃር ይስጡልኝ፤ እንዳይረሱ!» አለቻቸው። ሽማግሌው ተቀብለው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

ጁሃር አርብ ማታ ተመለሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ክሊኒኩ ቢያይ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዱ የክሊኒኩን መስመር ዘጋ። ቅዳሜ ዋለ፣ እሑድ ዋለ፣ ሰኞም ዋለ። የኅዳር ፀሐይ ደግሞ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ ይጠብሰዋል።

ሰኞ አመሻሽ ላይ አያ ወልደ ሰንበት ሱረት ሲፈልጉ ወረቀቷ እጃቸው ገባች።

«ኧረ ጁሃር፣ ይቺን ተዋበች ለአንተ ብላ ሰጥታኝ ነበር። እርጅና ክፉ!»

ጁሃር አነበበ። «ጋሽ ጁሃር፣ ክትባቱ መጥቷል። መስመሩ እንዳይዘጋ አደራ።»

«በሩን ይክፈቱልኝ» አላቸው። ገብቶ የማቀዝቀዣውን በር ሳብ ሲያደርገው ለብ ያለ አየር ፊቱን መታው። በረዶው ቀልጦ ውኃ ሆኗል፤ የብልቃጦቹ ወረቀት በውኃው ርሶ ተልጧል። ሮጦ ሞተር ቤት ገባና እጀታውን መለሰው። ማቀዝቀዣው ምንም እንዳልሆነ ማንኮራፋት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣለት። እስከ ነገ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ተዋበች እጇን ብታስገባ ቅዝቃዜ ነው የምታገኘው። ከእሱና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌውም ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሰዒዳ ነገራት። ሰዒዳ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

«ልጆቹስ?»

«ወንድሜን ጁነይዲን ረሳኸው? ኪሱ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ብለው የወሰዱት እስከ ዛሬ የት እንደ ደረሰ አናውቅም። አንተን ደግሞ የመንግሥትን መድኃኒት ሆን ብሎ አበላሸ፣ አሻጥረኛ ነው ይሉሃል። ያጨበጨቡልህ ሰዎች ናቸው የሚፈርዱብህ።»

ጁሃር እራቱን ሳይነካ ጋደም አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ግቢው በእናቶች ሞላ። ተዋበች ሰኞ ምሽቱን ተመልሳለች፤ ሲነጋ ማቀዝቀዣውን ነክታ፣ ቀዝቅዞ አግኝታው፣ የብልቃጦቹን የረጠበ ወረቀት የበረዶ ላብ ነው ብላ አልፋዋለች። ውጪ ጠረጴዛ አስወጥታ መርፌ ትቀቅላለች። ጁሃር ከሞተር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል።

አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ወደ እሱ መጣች። ወለተ ጊዮርጊስ እንደምትባል፣ ትናንት ጠዋት ከቤቷ ተነሥታ እዚህ እንዳደረች ነገረችው፤ ለልጇም የሚጠጣ ውኃ ለመነችው። ጁሃር በጣሳ ሰጣት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሁለቱን አምና ኩፍኝ በላብኝ። ይህ ብቻ ነው የቀረኝ።» ልጁ ውኃውን ሲጠጣ እያየች ፈገግ አለች። «እኅቴ ቤት በሽታው ገብቷል ብለውኝ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ከተወጋልኝ ምን እፈራለሁ? ከዚህ በቀጥታ ይዤው ወደዚያው ነው።»

ጁሃር ጣሳውን ከልጁ አፍ ተቀበለ። ዝም ካለ ይህች ሴት በገዛ እግሯ ልጇን እሳት ውስጥ ይዛው መግባቷ ነው። ሰዎቹን እየገፋ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ተዋበች የመጀመሪያውን ብልቃጥ አንሥታ ነበር።

«ሲስተር፣ አንዴ ወደ ውስጥ።»

«ጋሽ ጁሃር፣ ሰው ቆሟል እኮ…»

«አሁኑኑ!»

ውስጥ ገብተው በሩን ዘጋና ሁሉንም ነገራት። ተዋበች ብልቃጡን እንደ ያዘች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ቀን?» አለች።

«ሦስት ቀን።»

«ሞቷል እንግዲህ። ብወጋቸው ውኃ መውጋት ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ምን እንደሚያደርጉዎት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ማቀዝቀዣው ተበላሸ ልበል?»

ጁሃር ይህን አልጠበቀም። ልቡ «እሺ በላት፣ እሺ በላት» አለው። ነገር ግን ማቀዝቀዣው ውጪ ድረስ ይሰማል፤ መርማሪ ቢመጣ የምትያዘው እሷ ናት። አያ ወልደ ሰንበትም ወረቀቷን ያውቃሉ።

«አይሆንም» አለ።

ተዋበች ወጥታ ለእናቶቹ መድኃኒቱ መበላሸቱን፣ ሌላ እስኪመጣ ልጆቻቸውን የታመመ ሰው ካለበት እንዲያርቁ ነገረቻቸው። አንዷ ጮኸች፤ ሌላዋ «በእግራችን ሁለት ቀን ያስኬዳችሁን ልትቀልዱብን ነው?» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጩኸቱን ሰምቶ ጓድ ቻላቸው ከቢሮው ወጣ።

«ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ጁሃር። መስመሩን ይሁን በደሉን መናገሩ ለራሱም አልለየለትም።

«እኔም ሳላረጋግጥ ሄጃለሁ» አለች ተዋበች። የሰማት የለም።

ጓድ ቻላቸው ፊቱ አመድ ሆነ። በሕዝብ ፊት ምሰሉት ያለው ሰው ነውና ነገሩ ለእሱም ይተርፈዋል። ከዚያ ወዲያ ጓድ ብሎ አልጠራውም። ሁለት ታጣቂዎች ጁሃርን በእናቶቹ መካከል አሳልፈው ወሰዱት። ስለ ወረቀቷ ሲጠይቁት «ተሰጥቶኝ ሳላነብ ረሳሁት» አለ፤ የሽማግሌውን ስም አላነሣም።

አራት ወር ታሰረ። ሲመረምሩት ማን እንደ ላከው፣ ከማን ጋር እንደ መከረ ጠየቁት፤ ውስጥ እግሩን ገረፉት። በኋላ ግን ጄኔሬተሩ ሁለቴ ተበላሽቶ የሚያስነሣው ሰው ስለ ጠፋ፣ በዋስ ይውጣ ተባለና ወጣ።

ሌላ ክትባት እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ፈጅቶ ነበር። በዚያ መካከል ኩፍኙ ወደ አንድ መንደር ገብቶ ዘጠኝ ልጆች ወስዷል። የወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም፤ እኅቷ ቤት ሳትሄድ ቀርታለች። ይህን የነገረችው ሰዒዳ ናት፤ ልታጽናናው ብላ። እሱ ግን ዘጠኙን ነው የሰማው።

ከወጣ በሦስተኛው ቀን እያነከሰ፣ ተዋበችን አስከትሎ ለቅሶ ሊደርስ ወደዚያ መንደር ወረደ። በመጀመሪያው ቤት በሩ አልተከፈተለትም። በሁለተኛው፣ ሴት ልጁን የቀበረው ገበሬ፣ ገብረ ሚካኤል የሚባል፣ መደቡ ላይ ቦታ ለቀቀለት።

ጁሃር ተቀመጠ፤ ተዋበችም ከጎኑ።

«ባትናገር ኖሮ ብዙ ሰው ያልቅ ነበር ይላሉ» አለ ገብረ ሚካኤል። «ይሆናል። እኔ ግን የማውቀው ልጄን ነው። ዓመት ከስድስት ወሯ ነበር።»

«ስሟ ማን ነበር?» አለ ጁሃር።

ሰውየው ነገረው። ጁሃር አንገቱን ደፍቶ ስሟን ደጋግሞ በከንፈሩ አለው። የልጅቱ እናት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና ተመልሳ ገባች።